በሰው ሠራሽ እግር ኮረብታ መውጣትና በጫካ መንገድ መጓዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ግራ እግሬ ከጉልበት በታች የተቆረጠ ነው። በሰው ሠራሽ እግር ኮረብታ መውጣትና በጫካ መጓዝ ከጀመርሁ ወዲህ ተመሳሳይ ጥያቄዎች ደጋግመው ይደርሱኛል። የሚበዙት ለመነሣት ከተቃረቡ፣ ነገር ግን አንድ ነገር እያስፈራ ከያዛቸው ሰዎች የሚመጡ ናቸው። እዚህ የመለስኩት በተቻለኝ መጠን በዝርዝር ነው። የምናገረው በዋናነት ከጉልበት በታች ስለተቆረጠ እግር ሲሆን፣ ከጉልበት በላይ ለተቆረጠ ሰው ነገሩ በሚለይበት ቦታ ለይቼ ጽፌአለሁ።

አንድ እግሬ የለም። በእርግጥ ተራራ ልወጣ እችላለሁ?

አብዛኛው ሰው ይችላል። ቶም ዊቴከር እ.ኤ.አ. በ1998 በአንድ ሰው ሠራሽ እግር ኤቨረስት ጫፍ ደርሷል። ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበት በታች የተቆረጡት ኒውዚላንዳዊው ማርክ ኢንግሊስ በ2006፣ ህንዳዊቷ አሩኒማ ሲንሃ በ2013፣ ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበት በላይ የተቆረጡት ኔፓል ተወላጁ ሃሪ ቡዳ ማጋር ደግሞ በ2023 ወጥተውታል። ከእነዚህ ሁሉ ለተራ ተጓዥ ይበልጥ የምትጠቅመው የኢንግሊስ ታሪክ ትመስለኛለች። በመውጣት ላይ ሳለ አንደኛው የካርቦን ፋይበር እግሩ ተሰበረ። በቴፕ ጠምጥሞ ለጊዜው ጠገነው፤ መለዋወጫውም ከታች ካለው ሰፈር መጣለት። ቴፕ ይዞ ነበር፣ መለዋወጫም አዘጋጅቶ ነበር። እኛ ከመንደር ጀርባ ያለችውን ኮረብታ ስንወጣም የሚያስፈልገን ይኸው ዓይነት ጥንቃቄ ነው።

የብርታት ጉዳይ አይደለም። የቀኑን ርዝመት የሚወስነው ሶኬት፣ ማለትም ቀሪው እግር (ከተቆረጠው እግር የተረፈው ክፍል) የሚገባበት የሰው ሠራሹ እግር ክፍል፣ ውስጥ ያለው ቆዳ ነው። ልብ ገና መሄድ ሲፈልግ ቆዳ በቃኝ ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ መስማት ያለብን ቆዳውን ነው።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ መቼ ልጀምር?

ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከዳነ፣ ሐኪምዎና የሰው ሠራሽ አካል ባለሙያዎ ከፈቀዱ በኋላ። በመጀመሪያው ዓመት ቀሪው እግር እየሟሸሸ ቅርጹን ስለሚቀይር ባለፈው ወር ልክ የነበረ ሶኬት በዚህ ወር ሊላላ ይችላል። ስለዚህ በዚያ ዓመት ሩቅ ጉዞ ከማቀድ ይልቅ መሬቱን መቀያየር ይሻላል። በመጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ ቀጥሎ ሣር ላይ፣ ከዚያ ጠጠር ላይ፣ ከዚያ ለስላሳ ዳገት ላይ ይለማመዱ። ጫካ መጨረሻ ይምጣ።

አንድ መለኪያ ልስጥዎ። ከጉዞ ተመልሰው ሶኬቱን ሲያወልቁ ቆዳው ላይ ቀይ ምልክት ይታያል፤ ይህ የተለመደ ነው። ምልክቱ በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ውስጥ ከጠፋ መልካም ነው። ካልጠፋ ግን ያ ቦታ ከሚገባው በላይ ተጭኗል ማለት ስለሆነ፣ ርቀቱን ከመጨመር በፊት ሶኬቱን ማስተካከል ይቀድማል።

ከሌሎች ቀድሜ የምደክመው ለምንድን ነው? አቅሜ ቀንሶ ነው?

አይደለም። በሰው ሠራሽ እግር መሄድ ሜዳ ላይ እንኳ ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል፤ ከጉልበት በላይ ለተቆረጠ ሰው ደግሞ ጭማሪው እጅግ ከፍ ያለ ነው። እርምጃን ወደ ፊት የሚገፋው የባት ጡንቻ ስለሌለ ሥራውን ዳሌ፣ ጭንና ደህነኛው እግር ይካፈሉታል። ስለዚህ ጓደኞችዎ «ሦስት ሰዓት ነው» የሚሉትን መንገድ በራስዎ ልክ እንደገና ያስሉት። እኔ በኪሎ ሜትር ማቀድ ትቻለሁ፤ የማቅደው በሰዓት ነው። ከሰዓቱም ግማሹን እንኳ ለመውጫ አልሰጥም፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች እንደምነግርዎ መውረዱ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ስሄድ ስሄድ ሶኬቱ ይላላል። ምን ላድርግ?

ቀሪው እግር በቀን ውስጥ መጠኑን ይቀይራል። ሲሄዱበት ፈሳሹ ከሥጋው እየተገፋ ስለሚወጣ ይቀንሳል፤ ጠዋት ጥብቅ የነበረው ከቀትር በኋላ ወደ ታች መስመጥ ይጀምራል። ሰው ሠራሹ እግር ያጠረ ይመስላል። ከጉልበት ቆብ ሥር ወይም በቀሪው እግር ጫፍ ላይ ሕመም ይሰማል። በእያንዳንዱ እርምጃ ውስጡ ከፍ ዝቅ ይላል።

መፍትሔው በየውፍረቱ የተዘጋጀው የቀሪ እግር ካልሲ ነው፤ ቀጭኑንም ወፈር ያለውንም ይያዙ። መላላት ሲሰማዎ እዚያው ይቀመጡና አንድ ቀጭን ይጨምሩ። «ያቺ ጫፍ ላይ ስደርስ አስተካክለዋለሁ» ማለት ትልቁ ስሕተታችን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቆዳው ሲታሽ ይቆያልና።

የእኔ እግር በፒን፣ ማለትም ከቀሪው እግር ጫፍ በታች ወጥቶ ሶኬቱ ውስጥ በሚገባ ጥርስ ባለው ዘንግ፣ የሚቆለፍ ነው። ስለብሰው «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ ይገባል፤ እኔም እቆጥራለሁ። ጠዋት አምስት ጊዜ ነው። አንድ ቀን ከረጅም ዳገት በኋላ ዛፍ ሥር ተቀምጬ አውልቄ መልሼ ስለብሰው ሰባት ቆጠርሁ። ሁለቷ ተጨማሪ ድምፅ እግሬ ምን ያህል እንደሟሸሸ ከማንኛውም ስሜት ቀድማ ነገረችኝ። አንድ ካልሲ ጨምሬ ወደ አምስት መለስኩት፤ የቀረውም መንገድ ያለ ሕመም አለቀ። የእርስዎም ባለ ፒን ከሆነ ቁጥርዎን ይወቁ። ካልሲ ሲበዛ ደግሞ እግሩ እስከ ታች አይገባም፤ የረዘመ ይመስላል፣ ድምፁም ያንሳል።

ላቡስ?

ላይነር፣ ማለትም ከሶኬቱ በፊት የሚለበሰው የሲሊኮን ሽፋን፣ አየር አያስገባም። ዳገት ላይ ላብ ውስጡ ይጠራቀማል፤ የረጠበ ቆዳም ቶሎ ይላጣል። ሁለተኛው ችግር ላይነሩ በላቡ ላይ መንሸራተቱ ነው። ስለዚህ በየሰዓቱ ወይም መንሸራተት እንደተሰማዎ ይቁሙ፤ አውልቀው ላቡን ያፍሱ፣ ቆዳውንም ላይነሩንም በፎጣ ያድርቁና መልሰው ይልበሱ። አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ሰው ፊት ማውለቅ የሚያሳፍራቸው ብዙዎች ናቸው፤ እኔም እንደዚያ ነበርሁ። ያ እፍረት አንድ ጊዜ ውሃ በቋጠረ ቁስል ሁለት ሳምንት በክራንች አስኬዶኛልና እባክዎን አይፈሩ። የላብ መከላከያ ቅባት የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ። እርሱ የሚቀባው ማታ፣ በንጹሕና ባልቆሰለ ቆዳ ላይ ነው፤ በመጀመሪያ ግን ሐኪም ይጠይቁ።

ዳገቱ ነው ቁልቁለቱ የሚከብደው?

ቁልቁለቱ። በዚህ ሁሉም ይገረማል፤ ዳገት ትንፋሽ ስለሚያሳጥር ፈተናው እርሱ ይመስላል። ዳገት ግን የሚያደክም እንጂ ብዙም የሚጥል አይደለም።

ምክንያቱ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው። የተፈጥሮ እግር ዳገት ላይ ጣቶቹን ወደ ላይ፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ታች ያዘነብላል። ብዙዎቹ ሰው ሠራሽ እግሮች ይህን አያደርጉም፤ ቀጥ ብለው ይቀራሉ። ስለዚህ ዳገት ላይ የእግሩ ጫፍ ቀድሞ ሲጫን ጉልበትን ወደ ኋላ ይገፋል። ቁልቁለት ላይ ተረከዙ ሲያርፍ የእግሩ ፊት መሬት ለመንካት ስለማይወርድ፣ መላው እግር ወደ ፊት ይዞርና ጉልበትን ወደ ፊት ይጥለዋል። የጭን ጡንቻ በእያንዳንዱ እርምጃ ያንን መያዝ አለበት። ጭን ሲደክም ጉልበት ይከዳል፤ ያ የሚሆነው ደግሞ በጉዞው መጨረሻ፣ ሰውነት ሲዝልና ልብ አስቀድሞ ቤት ሲገባ ነው።

ለመውጣት ደህነኛው እግር ይቅደም፤ ሰው ሠራሹ ይከተለው። ለመውረድ ሰው ሠራሹ ይቅደም፤ ክብደቱን ደህነኛው እግር ቀስ አድርጎ ያውርደው። እርምጃው አጭር ይሁን። ገደል ገደል ያለ ቦታ ላይ ጎንዎን ወደ ታች አዙረው፣ ሰው ሠራሹን እግር በታችኛው በኩል አድርገው፣ አንድ በአንድ በጎን ይውረዱ። መንገዱ ሰፊ ከሆነ ጠመዝማዛ እየሠሩ መሄድ ተዳፋቱን ያለሰልሰዋል፤ መንገዱ ይረዝማል እንጂ ጉልበትዎ ይተርፋል።

በጎን የተጋደመ መሬት ለብቻው መጥፎ ነው። ደህነኛው እግር ወደ ጎን ሲያዘነብል ሰው ሠራሹ እምቢ ስለሚል፣ ጫናው በሶኬቱ ጠርዝ ላይ ያርፋል። ከጉልበት ዝቅ ብሎ በውጭ በኩል ያለችው ጉብ ያለች አጥንት ያን ቀን ማታ ትነግርዎታለች። ወደ ጎንም የሚተጣጠፍ የእግር ዓይነት አለ። ዘወትር ኮረብታ ላይ የሚውሉ ከሆነ ከፈጣኑና ከቀላሉ እግር ይልቅ ስለዚህኛው ባለሙያዎን ይጠይቁ።

ከጉልበት በላይ ለተቆረጠስ ምን ይለያል?

ጉልበቱም ሰው ሠራሽ ስለሆነ ጥያቄው «ይታጠፍብኛል ወይስ ይይዘኛል?» የሚል ይሆናል። ተራው ሜካኒካዊ ጉልበት ክብደት ሲያርፍበት ቀጥ ማለት አለበት፤ ትንሽ ታጥፎ ከተጫኑት ይከዳል። ቁልቁለት ላይ በጎን መውረድ ለእነዚህ ሰዎች ምርጫ ሳይሆን ዋናው መንገድ ነው። አንዳንዱ ጉልበት በእጅ የሚቆለፍ በመሆኑ ለአስቸጋሪ ቦታ ቆልፎ መሄድ ይቻላል። በኮምፒውተር የሚታገዘው ጉልበት ግን ሲታጠፍ እየያዘ ቀስ ብሎ ያወርዳል፤ ቁልቁለትን ፊት ለፊት ለመውረድ ያስችላል። ባትሪው ማለቁን ግን ያስቡበት፤ ሲያልቅ ጉልበቱ እንዴት እንደሚሆን፣ ይደርቃል ወይስ ይላላል የሚለውን፣ ከመነሣትዎ በፊት ይወቁ።

ረጅም ሣርና ቁጥቋጦ ለእነዚህ ሰዎች ወጥመድ ነው። የጫማውን ጫፍ ይይዝና ጉልበቱ ሳይዘረጋ መሬት እንዲነካ ያደርገዋል።

በጫካ ውስጥ ስለ ሥርና ስለ እርጥብ ቅጠል ምን ላድርግ?

ሰው ሠራሹ እግር የረገጠውን አይነግረንም። ድንጋይ ይሁን ሥር፣ ይንሸራተት ይያዝ፣ ዜናው የሚደርሰን ሶኬቱ ውስጥ ባለው ንዝረት ሲሆን ያም ይዘገያል። ስለዚህ ዓይን የእግርን ሥራ ይሠራል። ከፊትዎ ሁለትና ሦስት እርምጃ ያለውን እያዩ፣ ሰው ሠራሹ እግር የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድመው ይምረጡ። ዛፉንና ሰማዩን ማየት ሲፈልጉ ይቁሙ፤ እየሄዱ አይሁን።

የዛፍ ሥር እርጥብ ከሆነ በላዩ ላይ አይርገጡ፤ ይለፉት ወይም ከጎኑ ይርገጡ። የወደቀ ቅጠል ሥሩ ያለውን ጉድጓድ ስለሚሸፍን በምርኩዝ ይንኩት። የጫማውን ጫፍ ደግሞ ያስታውሱ፤ ሰው ሠራሽ እግር ሲነሣ ጣቱን ወደ ላይ ስለማያነሣ በዝቅተኛ ሥር ሁሉ ይደናቀፋል፤ ዳሌዎን ትንሽ ከፍ ማድረግን ይልመዱ።

ሲመሽ ይህ ሁሉ ይጠፋል። ዓይን ካልሠራ እግር የለም። የግንባር መብራት ለአጭር ጉዞም ቢሆን ከቦርሳ አይውጣ።

ምን ዓይነት ጫማ ልግዛ?

ከሁሉ በፊት የተረከዙን ከፍታ ይመልከቱ። ሰው ሠራሹ እግር የተስተካከለው ለአንድ የተረከዝ ከፍታ ነው። አዲሱ ጫማ ተረከዙ ከቀድሞው ከፍ ካለ ወደ ፊት ይጥልዎታል፣ ዝቅ ካለ ወደ ኋላ ይስብዎታል። ስለዚህ የተራራ ጫማውን ገዝተው ወደ ባለሙያዎ ይዘው ይሂዱና በእርሱ ያስተካክሉ። ቁርጭምጭሚት ድረስ የሚደርስ ደረቅ ጫማ ለደህነኛው እግር ድጋፍ ነው፤ በሰው ሠራሹ በኩል ግን የካርቦን ፋይበሩን እግር መተጣጠፍ ሊያግድ ይችላል፣ ለማስገባትም ያስቸግራል። ቀጭን የላስቲክ ከረጢት በእግሩ ላይ አጥልቀው ቢያስገቡት ሸርተት ብሎ ይገባል።

ምርኩዝ አንድ ይበቃል?

ሁለት ይያዙ። ዳገት ላይ አሳጥሯቸው፣ ቁልቁለት ላይ አስረዝሟቸው። የእጅ ማሰሪያውን ግን ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ይፍቱት፤ ሲወድቁ ምርኩዙን ለመልቀቅ እጅ ነጻ መሆን አለበት።

ቦርሳዬ ውስጥ ምን ይኑር?

ደረቅ ላይነር ካለዎት እርሱ። የተለያየ ውፍረት ያላቸው ካልሲዎች፣ ትንሽ ፎጣ፣ የቁስል ፕላስተር፣ ጠንካራ ቴፕ። የእግሩን ብሎኖች የሚያጠብቅ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍም ይያዙ፤ ብዙ ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር ነው፣ የእርስዎን ግን ባለሙያዎን ጠይቀው ያረጋግጡ። ቁልፉ የላላውን ለማጥበቅ እንጂ አቋሙን መንገድ ላይ ለመቀየር አይደለም። ከሰው ርቀው የሚሄዱ ከሆነ የሚታጠፍ ክራንች ይጨምሩ። እግሩ ቢሰበር ወይም ቆዳው ቢቆስል የሚመልስዎት እርሱ ነው።

ብዙዎች የማያስቡት አንድ ነገር አለ፦ ሰው ሠራሽ እግር የሚመረጠው በክብደትዎ ነው። ቦርሳ የሰውነት ክብደት ላይ ይደመራል። 12 ኪሎ ተሸክመው የሚሄዱ ከሆነ ይህን ለባለሙያዎ አስቀድመው ይንገሩ።

ወንዝ መሻገር ይቻላል?

እግሩ ውሃ የሚችል መሆኑን አምራቹ ካላረጋገጠ አያስገቡት፤ በተለይ በባትሪ የሚሠራውን። የሚችል ከሆነም ከተሻገሩ በኋላ አውልቀው አሸዋውን ከመቆለፊያው ያስወጡ፣ ያድርቁ። አሸዋ የገባበት ፒን እምቢ ሊል ይችላል።

ስኳር ሕመም አለብኝ። ለእኔም ይፈቀዳል?

ሐኪምዎ ከፈቀደ አዎ፣ ነገር ግን ጥንቃቄው ሁለት እጥፍ ነው። ሁላችንም ስለ ሰው ሠራሹ እግር ስናስብ የተረፈውን እንረሳለን። ስሜቱ ለቀነሰ ሰው በጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር እንኳ ሳትታወቅ ቁስል ታደርሳለች። በየዕረፍቱ የደህነኛውንም እግር ጫማ አውልቀው ጣት በጣት፣ እስከ ውስጠኛው ድረስ ይመልከቱ፤ ካልሲውም ደረቅ ይሁን። ያ እግር ያለዎት ብቸኛው ስለሆነ ለእርሱ የሚሰጡት ጊዜ ከንቱ አይደለም።

በጉዞ ላይ የሌለው እግሬ ያመኛል። ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የሚሰማው ነገር ነው፤ ነርቮቹ አሁንም ለአንጎል መልእክት ስለሚልኩ በሌለው እግር ላይ ሕመም ይሰማል። ድካምና የላላ ሶኬት ያባብሱታል። በመጀመሪያ ሶኬቱን ያስተካክሉ፤ አውልቀው ቀሪውን እግር በእጅዎ ጠበቅ አድርገው ያሹት። ቢደጋገምና እንቅልፍ ቢነሣ ግን ለሐኪም ይንገሩ፤ ሕክምና አለው።

አብሬው የምሄደው ሰው እግሩ የተቆረጠ ነው። እንዴት ልርዳው?

ሳይጠይቁ ክንዱን አይያዙ። ሚዛኑን የሚጠብቀው በራሱ ምት ነው፤ ድንገት ሲይዙት ያን ምት ይሰብሩበታል። ቁልቁለት ላይ ከታች በኩል ጥቂት ቀድመው ይሁኑ፤ የሚያስቸግር ቦታ ሲያዩ ቆመው ይጠብቁትና ይንገሩት። እርሱ ሲደርስዎ ወዲያው አይነሡ፤ ሁልጊዜ የሚዘገይ ሰው ዕረፍት አያገኝም፤ ሌሎቹ ያረፉበትን ሰዓት እርሱ በመሄድ ያሳልፈዋልና። እግሩን ሊያወልቅ ሲቀመጥ ዝም ብለው አጠገቡ ይቀመጡ፤ ያ ብቻ ብዙ ነው።

ብወድቅስ?

አንድ ቀን ይወድቃሉ። ምርኩዙን ይልቀቁ፤ ወደ ጎን፣ ወደ መቀመጫ መውደቅ በተዘረጋ እጅ ከመውደቅ ይሻላል። ወዲያው አይነሡ። እግሩ እንዳልዞረ፣ እንዳልተሰነጠቀ፣ ብሎኑ እንዳልላላ ይመልከቱ፤ ከዚያ ቆዳውን። ለመነሣት በእጅና በጉልበት ይንበርከኩ፣ ደህነኛውን እግር ከሥርዎ አምጥተው ሰው ሠራሹን ከኋላ ዘርግተው ይነሡ። ይህንን ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ደጋግመው ይለማመዱት፤ ጫካ ውስጥ መማር አይገባም።

እጄ ነው የተቆረጠው፤ ይህ እኔን ይመለከታል?

የተወሰነው ይመለከትዎታል። የእጅ መወዛወዝ ሚዛን ስለሚጠብቅ ባልተስተካከለ መሬት ላይ ልዩነቱ ይሰማዎታል። ምርኩዙ በአንድ በኩል ብቻ ስለሚሆን ቁልቁለት ላይ ምርኩዝ የያዙበትን ጎን ወደ ታች አድርገው ይውረዱ። የቦርሳው ማሰሪያ በአንድ እጅ የሚከፈትና የሚዘጋ መሆኑን ሱቁ ውስጥ ይሞክሩ።

መመለስ ያለብኝ መቼ ነው?

ቆዳው ማቃጠል ሲጀምር፤ አንድ ቦታ ብቻ ተለይቶ ሲያም፤ ካልሲ ቀያይረውና አድርቀው ያው ከሆነ። ያኔ የቀረው ጫፍ 200 ሜትርም ቢሆን ይመለሱ፤ ገና መውረዱ ስላለ እያንዳንዱን ሜትር ሁለት ጊዜ ይከፍሉታል። ስንት ጊዜ ከጫፍ በታች ተመልሻለሁ። ከተመለስኩባቸው ጉዞዎች አንዱም አይቆጨኝም፤ የሚቆጨኝ ያልተመለስኩበት አንዱ ነው።

ቤት ከገባሁ በኋላስ?

ከመብላትም ከመተኛትም በፊት እግሩን ያውልቁ። ቀሪውን እግር በለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይጠቡ፤ በደንብ ያድርቁት። ላይነሩንም እንዲሁ አጥበው በማስቀመጫው ላይ እንዲደርቅ ይተዉት፤ ፀሐይ ላይ አይስጡት። ከዚያ መስተዋት ይዘው ከኋላና ከሥር ያለውን፣ ዓይን በቀጥታ የማያየውን ቆዳ ይመልከቱ። ቀልቶ የቀረ ቦታ ካለ በጣትዎ ዙሪያውን ይዳስሱ፤ ይሞቃል? ያማል? ጠዋት ተነሥተው እግሩን ከማጥለቅዎ በፊት ያንኑ ቦታ እንደገና ይዩት። ካልጠፋ ያን ቀን በክራንች ይዋሉ።